አንድ እጅ፣ ሦስት ኮምፒውተር፦ ሾርትከትን ለአማርኛ ጸሐፊ ማስማማት

ጠዋት ሜክሲኮ አካባቢ ቢሮ ውስጥ ዊንዶውስ፣ ከሰዓት አራት ኪሎ ካምፓስ ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት)፣ ማታ ቤት ማክቡክ። መሀል አዲስ አበባ ላይ በአንድ ቀን ሦስት ዓይነት ኮምፒውተር የሚነካ ሰው ብርቅ አይደለም። ኮምፒውተሩ ይለያያል፤ እጅ ግን ያው እጅ ነው፣ ትናንት የለመደውን ቦታ ዛሬም ይፈልጋል። ስለዚህ ሾርትከት (ማውዝ ሳይነኩ በቁልፍ የሚሰጥ ትእዛዝ) ሲለማመዱ የቁልፉን ስም ሳይሆን ቦታውን ይያዙ፤ ቦታው ካልገጠመ ደግሞ ኮምፒውተሩን ለእጅዎ ያስተካክሉት እንጂ እጅዎን በየቀኑ አዲስ ነገር አያስተምሩት።

እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደላት በድምፃቸው ተጽፈዋል፤ «ኮንትሮል + ሲ» ሲባል ኮንትሮልን ይዘው ሲን አንዴ መንካት ማለት ነው። የመደመር ምልክቱ አይጫንም።

መጀመሪያ የቋንቋ መቀየሪያው

ብዙ ሰው ሾርትከት ሲባል ኮፒና ፔስት ይታየዋል። በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ከሁሉ በላይ ደጋግሞ የሚጫነው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መቀየሪያውን ነው። ኢሜይል አድራሻ፣ ፓስወርድ፣ የኤክሴል ፎርሙላ፣ የፋይል ስም፣ ሁሉም መሀል ላይ እንግሊዝኛ ይጠይቃሉ። ይህ ሾርትከት ካልተስተካከለ ሌላው ሁሉ ይበላሻል።

ዊንዶውስ ላይ መቀየሪያው ዊንዶውስ + ስፔስ ነው። አንድ ጊዜ ተጭነው ወዲያና ወዲህ እንዲሉ ዝርዝሩ ውስጥ ሁለት ኪቦርድ ብቻ ይኑር። አብዛኛው ኮምፒውተር ላይ ግን የአሜሪካ እንግሊዝኛ፣ የእንግሊዝ እንግሊዝኛ፣ የማይክሮሶፍት አማርኛ፣ ከዚያ ኪይማን በሚባለው የኪቦርድ ፕሮግራም የተጫነ ሌላ አማርኛ ተደርድረው ይገኛሉ፤ አማርኛ ፈልገው ደጋግመው ይዞራሉ ማለት ነው። ለማጽዳት ሴቲንግስ ውስጥ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ከዚያ ላንጉዌጅ ኤንድ ሪጅን ይግቡ። ከቋንቋው ጎን ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው ላንጉዌጅ ኦፕሽንስ ውስጥ የማይጠቀሙበትን ኪቦርድ ያስወግዱ። የማይጠቀሙበትን ቋንቋም እዚያው ያጥፉ።

ቀጥሎ ድሮ የቀረውን ሁለተኛ መቀየሪያ ይዝጉ። ዊንዶውስ ከስፔሱ በተጨማሪ የግራ ኦልት + ሺፍትንም ቋንቋ ለመቀየር ይጠቀምበታል። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ነው፦ ወርድ ውስጥ ኦልት + ሺፍት + የላይ ቀስት ሙሉ አንቀጽን ወደ ላይ ያነሣል፣ ማመልከቻ ለሚጽፍ ሰው ከወርቅ የሚወደድ ሾርትከት ነው። ሁለቱን ይዘው ሐሳብ ቀይረው ቀስቱን ሳይነኩ ከለቀቁ ግን ቋንቋው ተቀየረ። «ኪቦርዱ በራሱ ይቀየርብኛል» የሚባለው አቤቱታ አብዛኛውን ጊዜ ምንጩ ይህ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ፣ ታይፒንግ፣ አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ፣ ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪስ። የሚከፈተው ትንሽ መስኮት ላይ ቼንጅ ኪ ሲኩዌንስ ይጫኑና ሁለቱንም ዝርዝር «ኖት አሳይንድ» ያድርጓቸው። ዊንዶውስ 10 ላይ መንገዱ በዲቫይስስ ሥር ባለው ታይፒንግ በኩል ነው።

ከዚያው ገጽ ሳይወጡ ለየመስኮቱ የተለየ ኪቦርድ የሚፈቅደውን ሣጥን ምልክት ያድርጉበት። ወርድ አማርኛ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ኤክሴል እንግሊዝኛ ላይ እንዳለ ይቆያል። በዚህ ሣጥን ላይ ሰዎች ይለያያሉ፤ ሁለት ሰነድ ጎን ለጎን ከፍተው የሚሠሩ ከሆነ ግን ያለ ጥርጥር ይብራ።

ኡቡንቱ ላይ ሱፐር + ስፔስ ነው፤ ሱፐር የሚባለው የዊንዶውስ ምልክት ያለበት ቁልፍ ስለሆነ እጅዎ ምንም የሚማረው አዲስ ነገር የለም። በድምፅ የሚጻፍ አማርኛ ለማግኘት ለአይባስ (የኡቡንቱ የቋንቋ መጻፊያ ሥርዓት) የተዘጋጀውን የኤም 17 ኤን ጥቅል ይጫኑ፣ ከኮምፒውተሩ ወጥተው እንደገና ይግቡ፣ ከዚያ ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ ኢንፑት ሶርስስ ውስጥ «አማርኛ ሴራ» የሚለውን ይጨምሩ። እንግሊዝኛውን ከዝርዝሩ አያውጡት፤ ኮንትሮል ያለባቸው ሾርትከቶች የላቲን ፊደል ያለበት ኪቦርድ ከኋላቸው ሲኖር ነው በደንብ የሚሠሩት።

ማክ ላይ መቀየሪያው ኮንትሮል + ስፔስ ነው፤ እሱን መቀየር ይመከራል። ምክንያቱ ቦታ ነው። የላፕቶፕ ኪቦርድዎን ታችኛ ረድፍ ይመልከቱ፦ በዊንዶውሱ ላፕቶፕ ከግራ ጥግ ኮንትሮልና ኤፍኤን፣ ቀጥሎ ዊንዶውስ፣ ከስፔስ አጠገብ ኦልት። በማክቡኩ ኤፍኤን፣ ኮንትሮል፣ ኦፕሽን፣ ከስፔስ አጠገብ ኮማንድ። የዊንዶውስ ቁልፍ የነበረበት ቦታ ላይ የተቀመጠው ኦፕሽን ነው። ስለዚህ ሲስተም ሴቲንግስ፣ ኪቦርድ፣ ኪቦርድ ሾርትከትስ፣ ኢንፑት ሶርስስ ይግቡና የቀድሞውን ኪቦርድ የሚመርጠውን መስመር ሁለቴ ነክተው ኦፕሽን + ስፔስ ይጫኑ። አሁን በሦስቱም ኮምፒውተር ላይ አንድ ጣት አንድ ቦታ ይሄዳል። ኦፕሽን + ስፔስ ቀድሞ የሚሠራው መስመር ሲሞላ የማይሰበር ክፍተት መጻፍ ነበር፤ አብዛኛው ሰው ስለማይጠቀምበት ጉዳቱ ትንሽ ነው።

ኪይማን ለዊንዶውስም ለማክም ለሊኑክስም በነፃ ስለሚገኝ በሦስቱም ላይ አንድ ዓይነት የአማርኛ ኪቦርድ መጫን ይቻላል። ይህ ከሾርትከቱ እኩል ይጠቅማል፤ መቀየሪያው አንድ ሆኖ የፊደሉ አጻጻፍ ከተለያየ እጅ ይደናገራል።

ኮፒ፣ ፔስት እና ጥግ ያለችው ቁልፍ

ከዊንዶውስ ወደ ማክ የሚሻገር ሰው መጀመሪያ የሚጋጨው ከኮማንድ ጋር ነው። ኮንትሮል + ሲ የነበረው ኮማንድ + ሲ ይሆናል፣ ትንሿ ጣት የምትሠራውን አሁን አውራ ጣት ይሠራዋል። ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው መልመድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ማክ ላይ ለሚውል ሰው የተሻለው ይህ ነው፣ አውራ ጣት ከትንሿ ጣት ይበረታልና። ሁለተኛው ማቀያየር ነው፦ ኪቦርድ ሾርትከትስ ውስጥ ሞዲፋየር ኪስ ይግቡና ኮንትሮልን ኮማንድ፣ ኮማንድን ኮንትሮል ያድርጉ። ቢሮ ዊንዶውስ፣ ማታ ብቻ ማክ ለሚነካ ሰው ይህ ያሳርፋል። ዋጋው ግን ይወቅ፦ ከፕሮግራም ወደ ፕሮግራም መሸጋገሪያው ኮማንድ + ታብም አብሮ ቦታ ይቀይራል።

የዊንዶውስ ኪቦርድ በዩኤስቢ ማክ ላይ ከሰኩ ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፉ ኮማንድ፣ ኦልቱ ኦፕሽን ይሆናሉ፤ ከማክቡኩ ራሱ ቅደም ተከተል ተገልብጠዋል ማለት ነው። በዚሁ ሞዲፋየር ኪስ ገጽ ላይ ከላይ የተሰካውን ኪቦርድ መርጠው ኦፕሽንና ኮማንድን ያቀያይሩ። ቅንብሩ ለየኪቦርዱ ለብቻ ስለሚቀመጥ የማክቡኩ ኪቦርድ አይነካም።

ማክ ላይ ሦስት ነገሮች የዊንዶውስን ሰው ያስደነግጣሉ። ሆም እና ኤንድ የመስመር መጀመሪያና መጨረሻ አያደርሱም፣ ገጹን እስከ ጫፍ ነው የሚወስዱት፤ ለመስመር ኮማንድ + የግራ ወይም የቀኝ ቀስት ይጠቀሙ። ቃል በቃል መዝለል ዊንዶውስ ላይ ኮንትሮል + ቀስት፣ ማክ ላይ ኦፕሽን + ቀስት ነው፤ ኮንትሮል + ቀስት ከነኩ ሙሉ ስክሪኑ ወደ ሌላ ዴስክቶፕ ሊንሸራተት ይችላል። ኮማንድ + ታብ ደግሞ ፕሮግራም እንጂ መስኮት አይቀይርም፤ ሁለት የወርድ ሰነድ ከፍተው ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ ከታብ በላይ ያለችውን ቁልፍ ከኮማንድ ጋር ይጫኑ።

ኡቡንቱ ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ውስጥ ኮንትሮል + ሲ ኮፒ አያደርግም፣ በመሮጥ ላይ ያለውን ሥራ ያቋርጣል። ኮፒ ለማድረግ ሺፍት ይጨምሩ፦ ኮንትሮል + ሺፍት + ሲ፣ ለመለጠፍ ኮንትሮል + ሺፍት + ቪ። ከልማድ ኮንትሮል + ኤስ የነካ ሰው ደግሞ ተርሚናሉ ደርቆ ይቀርበታል። አልተበላሸም፤ የጽሑፉ ፍሰት ቆሞ ነው። ኮንትሮል + ኪው ይለቀዋል።

ያለ ፎርማት መለጠፍን ቶሎ ይልመዱ። ክሮም ላይ ኮንትሮል + ሺፍት + ቪ ነው፣ አዳዲሶቹ የወርድ እትሞችም ይቀበሉታል። ማክ ላይ በብዙ ፕሮግራሞች ኮማንድ + ኦፕሽን + ሺፍት + ቪ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ለአማርኛ፦ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ያለ ፎርማት ሲለጠፍ የላቲን ምልክቶች ጭፍራ ሆኖ ይወጣል። አማርኛ ያደረገው ፎንቱ ብቻ ነበርና። ሰነዱ አልጠፋም፤ ኮንትሮል + ዜድ ብለው መልሰው ከነፎርማቱ ይለጥፉት፣ ከዚያ በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ያምጡት።

ዊንዶውስ + ቪ የመጨረሻዎቹን 25 ኮፒዎች በዝርዝር ያሳያል፤ መጀመሪያ ሲነኩት እንዲበራ ይጠይቃል። በጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች ኮምፒውተር ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባለጉዳይ የፋይዳ ቁጥሩን፣ የባንክ ሒሳቡን፣ አንዳንዴም ፓስወርዱን ኮፒ አድርጎ ይሄዳል፤ ቀጣዩ ሰው ዊንዶውስ + ቪ ቢነካ ሁሉም እዚያ ተደርድሯል። ከመነሣትዎ በፊት ዊንዶውስ + ቪ፣ ክሊር ኦል። ፒን የተደረገ ካለ በዚህ አይጠፋም፣ ለየብቻ ይሰረዝ። ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ክሮምን በኮንትሮል + ሺፍት + ኤን ስውር መስኮት መክፈት፣ ከወንበሩ ሲነሡም ዊንዶውስ + ኤል ብሎ መቆለፍ ይገባል።

አማርኛ ሰነድ ላይ ጊዜ የሚያተርፉት

ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ማመልከቻ የሚጽፍ ሰው በቀን ስንት ጊዜ «ለፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት» ብሎ እንደሚጽፍ ማሰብ ነው። ወርድ ይህን ሸክም በሁለት ቁልፍ ያነሣል። ሐረጉን አንዴ በትክክል ይጻፉ፣ ይምረጡት፣ ኦልት + ኤፍ 3 ይጫኑ። በሚከፈተው መስኮት ውስጥ አጭር ስም ይስጡት፣ ለምሳሌ «ፌመደ»፣ እሺ ይበሉ። ከዚያ በኋላ ፌመደ ብለው ጽፈው ኤፍ 3 ሲነኩ ሙሉው ሐረግ ከነፎርማቱ ይተካል። የአድራሻ ራስጌ፣ «ከሰላምታ ጋር» ከነፊርማ ቦታው፣ «ከላይ በተገለጸው መሠረት»፣ ሁሉም እንዲህ ይቀመጣሉ። ሁለት ነገር ያሰናክላል። ላፕቶፑ ላይ ኤፍ 3 ድምፅ ወይም ብርሃን የሚቆጣጠር ከሆነ ኤፍኤንን አብረው ይያዙ። ሌላው፣ ወርድን ሲዘጉ የቢልዲንግ ብሎክስ ለውጥ ይቀመጥ ወይ ብሎ ሲጠይቅ «ሴቭ» ይበሉ፤ ሰው ሳያነብ «ዶንት ሴቭ» እያለ ነው በማግሥቱ «ጠፋብኝ» የሚለው።

አጭር ስም ሲመርጡ ራሱን ችሎ ቃል የማይሆን ነገር ይሁን፤ በሺፍት የሚጻፍ ፊደል ባይኖርበትም ይመረጣል፣ ፍጥነቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

ቃል መፈለጊያው ኮንትሮል + ኤፍ አማርኛ ላይ የሚከዳው በሞክሼ ፊደላት ነው። «ፀሐይ» ብለው ቢፈልጉ «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈው አይገኝም፤ ለኮምፒውተሩ ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው። ወርድ ውስጥ ኮንትሮል + ኤች ይክፈቱ፣ ፋይንድ ወደሚለው ገጽ ይለፉ፣ ሞር የሚለውን ከፍተው «ዩዝ ዋይልድካርድስ» ላይ ምልክት ያድርጉ፣ መፈለጊያው ውስጥም እንዲህ ይጻፉ፦ [ጸፀ][ሀሐኀሃሓኃ]ይ። ቅንፉ ውስጥ ካሉት ማንኛውም አንዱ ይበቃል ማለት ነው፣ ሁሉም አጻጻፍ ይገኛል። የሰው ስም ላይ ይህ ዘዴ ብዙ ውርደት ያድናል፤ «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ኀይሉ» አንድ ሰነድ ውስጥ ተቀላቅለው ፍርድ ቤት የሚገቡት ማንም ስለማይፈልጋቸው ነው። ሲፈልጉ ግን ዝም ብለው ሁሉንም በአንዴ አይተኩ። ባለቤቱ ስሙን በየትኛው ፊደል እንደሚጽፍ ከመታወቂያው ያረጋግጡ።

እዚያው መስኮት ላይ ሳሉ አራት ነጥብን ያጽዱ። ብዙ ሰው ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ (፡፡) ወይም የእንግሊዝኛውን ኮሎን ሁለቴ ይጽፋል። ለዓይን ይመሳሰላል፣ ኮምፒውተሩ ግን እንደ አንድ የዓረፍተ ነገር መዝጊያ አያየውም። ዋይልድካርድሱን አጥፍተው፣ መፈለጊያው ላይ ፡፡ መተኪያው ላይ ። አስገብተው ሪፕሌስ ኦል ይበሉ፤ ከዚያ ለኮሎኑ ይድገሙት።

ኤክሴል ላይ ለሒሳብ ሠራተኞች አንዲት ነገር፦ ኮንትሮል + ሴሚኮሎን የዕለቱን ቀን ያስገባል፣ የሚያስገባው ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ነው። የበጀት ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 በሚቆጠርበት መዝገብ ላይ የሁለቱ አቆጣጠር ቀኖች በአንድ ዓምድ ከተደባለቁ በኋላ መለየት አሳር ነው። ሁለት ዓምድ ይክፈቱ፤ ሾርትከቱን ለፈረንጁ ዓምድ ብቻ ይጠቀሙበት።

ካፕስ ሎክን ማሰናበት

በድምፅ በሚጻፍ አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የተለያየ ድምፅ ነው፦ ቲ ብቻውን ት፣ ከሺፍት ጋር ጥ ይሆናል፤ ሲ ብቻውን ች፣ ከሺፍት ጋር ጭ። አንዳንዱ ኪቦርድ ላይ ካፕስ ሎክ በስህተት ከበራ «ት» ያሰቡት «ጥ» ሆኖ ይወጣል። ያ ሰፊና ምቹ ቦታ ለማይፈለግ ቁልፍ ከሚባክን ኮንትሮል ቢሆን ይሻላል፣ ትንሿ ጣትም ታች ጥግ ድረስ አትታጠፍም።

ዊንዶውስ ላይ ከማይክሮሶፍት ስቶር ፓወርቶይስ የሚባለውን የማይክሮሶፍት ፕሮግራም በነፃ ያውርዱ፣ ኪቦርድ ማናጀር ውስጥ «ሪማፕ ኤ ኪ» ብለው ካፕስ ሎክን ወደ ግራ ኮንትሮል ይቀይሩ። የሚሠራው ፓወርቶይስ ሲበራ ብቻ ስለሆነ ከኮምፒውተሩ ጋር እንዲነሣ ያድርጉት። በአስተዳዳሪ ሥልጣን የተከፈቱ መስኮቶች ላይ ለውጡ አይታይም፣ ፓወርቶይስ ራሱ በዚያ ሥልጣን ካልተከፈተ በቀር። ዊንዶውስ + ኤልን እና ኮንትሮል + ኦልት + ዲሊትን ለሌላ ሥራ ማዋል አይቻልም። የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ከሆነ የአይቲ ክፍሉን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ማክ ላይ ሞዲፋየር ኪስ ውስጥ ነው፤ ኡቡንቱ ላይ ትዊክስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነው ኪቦርድ ሥር ባሉት ተጨማሪ አማራጮች ውስጥ ያገኙታል።

ኪቦርዱ ተበላሸ ከማለትዎ በፊት

ላፕቶፑን ይዘው ወደ ጥገና ከመሄድዎ በፊት እነዚህን ይሞክሩ፤ አብዛኞቹ በስህተት የተነኩ ሾርትከቶች ናቸው። ሺፍት አምስት ጊዜ በተከታታይ ከተነካ ስቲኪ ኪስ ይመጣል፤ እሺ ካሉት ሺፍትና ኮንትሮል የተጣበቁ ይመስላሉ። የቀኝ ሺፍትን 8 ሰከንድ ከያዙት ፊልተር ኪስ ይነሣል፤ ከዚያ ቁልፎች በፍጥነት ሲነኩ አይሰሙም። ሁለቱንም ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ኪቦርድ ውስጥ ያጥፉ። እዚያው ያለውን በሾርትከት የመክፈቻ ፈቃድም ይዝጉት፣ አለዚያ ተመልሰው ይመጣሉ።

ኤክሴል ላይ ቀስት ሲነኩ ሴሉ ሳይሆን ገጹ ከተንቀሳቀሰ ስክሮል ሎክ በርቷል። አዲስ ፊደል ፊት ያለውን እየበላ ከሄደ ኢንሰርት ነው። ስክሪኑ በጎኑ ከተኛ፣ በአንዳንድ የቆዩ የኢንቴል ግራፊክስ ያላቸው ላፕቶፖች ላይ ኮንትሮል + ኦልት + የላይ ቀስት ያቆመዋል። ፓስወርድ እምቢ ካለ ከቀኝ ታች የቋንቋውን ምልክት ይመልከቱ፤ አማርኛ ላይ ሆኖ ሊሆን ይችላል፣ ፊደሉ በነጥብ ስለሚሸፈን ደግሞ ዓይን አያይም።

ያገለገለ ላፕቶፕ ከአውሮፓ የመጣ ከሆነ ሌላ ምክንያት አለ። የጀርመን ኪቦርድ ላይ ዜድና ዋይ ቦታ ተቀያይረዋል፤ ዊንዶውሱ በአሜሪካ እንግሊዝኛ ከተጫነ ቁልፉ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ የሚወጣው ሌላ ይሆናል። ኮንትሮል + ዜድ ብለው የሠሩትን ሊሽሩ ሲሉ ኮንትሮል + ዋይ ይሠራል። ቁልፉን አያምኑ፣ ቦታውን ይመኑ፤ ዜድ ከኤክስ በስተግራ ነው። ወይም የፊደል ስቲከር ለጥፈው ይገላገሉ።

መብራትና ኮንትሮል + ኤስ

ዴስክቶፕ ያለ ዩፒኤስ ለሚጠቀም ሰው ኮንትሮል + ኤስ ከሁሉም ሾርትከት ይቀድማል። እያንዳንዱ አራት ነጥብ ላይ እጅ ራሱ እንዲነካው ያስለምዱት፤ ዓረፍተ ነገር ሲዘጉ ሴቭ። የወርድ አውቶ ሪከቨር በየ10 ደቂቃው ነው የሚያስቀምጠው፤ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ውስጥ 2 ደቂቃ ያድርጉት። ይህ ግን የኮንትሮል + ኤስ ምትክ አይደለም። አውቶ ሪከቨር የአደጋ ቀን መያዣ ነው፣ ሰነዱን በስሙና በቦታው የሚያስቀምጠው ሴቭ ብቻ ነው።

አዲስ ሾርትከት ሲለማመዱ በአንድ ሳምንት ከሦስት አይበልጡ። ሦስቱን በትንሽ ወረቀት ጽፈው ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ይለጥፉ፤ ማውዝ የነካ እጅ ተመልሶ በቁልፍ ይድገመው፣ ሥራው ቢዘገይም። ወረቀቱን ሳያዩ ሲሠሩት ይንቀሉትና የሚቀጥሉትን ሦስት ይጻፉ። መቶ ሾርትከት የተደረደረበት ፖስተር ግድግዳ ላይ መስቀል ግን ጥቅም የለውም፣ ማንም አያነበውም።

ኮምፒውተር ሲቀይሩ ያስተካከሉትን ይዘው ይሂዱ። ዊንዶውስ + አር ተጭነው አፕዳታ የሚለውን በእንግሊዝኛ በሁለት የፐርሰንት ምልክቶች መካከል ጽፈው ኢንተር ይበሉ። ማይክሮሶፍት የሚለው ፎልደር ውስጥ ቴምፕሌትስ አለ፤ ለወርድ የሰጧቸው ሾርትከቶች ኖርማል በሚባለው ፋይል ውስጥ እዚያ ናቸው። የኤፍ 3 ሐረጎችዎ ደግሞ ከጎኑ ዶክዩመንት ቢልዲንግ ብሎክስ በሚለው ፎልደር ይገኛሉ። ወርድን ዘግተው ሁለቱንም ወደ ፍላሽ ይቅዱ፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ በተመሳሳይ ቦታ ያስቀምጡ። ፓወርቶይስ በጄነራል ገጹ ላይ የራሱ ባክአፕና ሪስቶር ቁልፍ አለው። የማኩ የሞዲፋየር ቅንብር ግን ለየኪቦርዱ ስለሆነ አዲስ ኪቦርድ በተሰካ ቁጥር እንደገና መሠራት አለበት።